በዝናብ ወቅት ለእሳት ማቀጣጠያ የሚሆን እንጨት አዘገጃጀት

ቀኑን ሙሉ ዝናብ የመታው እንጨት ሲያዩት ለእሳት የሚሆን አይመስልም። ይሁን እንጂ እንጨቱ ቆሞ የደረቀና ያልበሰበሰ ከሆነ፣ ውሃው ከቅርፊቱና ከላይኛው ስስ ገጽ አልፎ ብዙም አይዘልቅም፤ ስለዚህ ድካሙ እርጡን በማድረቅ ላይ ሳይሆን በውስጡ ያለውን ደረቅ ፈልጦ በማውጣት ላይ መዋል አለበት።

መሬት ላይ ተኝቶ የከረመ እንጨት ከአፈሩ እርጥበት ስለሚስብ ለማቀጣጠያነት አይመረጥም። ወድቆ በሌላ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ እንኳ ከእርሱ ይሻላል። ጭራሮው ሲሰብሩት ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ከተለመጠ ይለፉት። ሙጫ የቋጠረ ጥድ ካገኙ የቅርንጫፉን መነሻ አይተዉት፤ ሙጫው በእርጥብ አየርም በደንብ ይነዳል።

የክንድ ውፍረት ያለውን እንጨት ወደ 30 ሴንቲሜትር ቆርጠው ቅርፊቱን ይላጡና በመጥረቢያ ከአራት ይፍለጡት። ከልቡ የወጣውን ደረቅ ክፍል እንደገና በሦስት መጠን ይሰንጥቁት፦ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ፣ እንደ እርሳስ የሆነ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጭኑን በማሳነስ ነው፤ በእኔ እምነት ሁለት ሙሉ እፍኝ እንኳ አይበዛም።

ከወፍራሞቹ ሦስት ወይም አራቱን ለልጣጭ ያስቀሩ። ፍልጡን ጠንካራ ነገር ላይ አቁመው፣ የቢላዋውን ስለት ወደ እንጨቱ አስተኝተው በጠርዙ ላይ ከላይ ወደ ታች ያንሸራትቱት፤ እጅዎና እግርዎ ከስለቱ መንገድ ይራቁ። ጫፉ ጋር ከመድረስዎ በፊት ሲያቆሙ ልጣጩ ሳይቆረጥ ተጠቅልሎ ከፍልጡ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። ከዚያ ፍልጡን ጥቂት አዙረው፣ የፊተኛው ልጣጭ በተነሣበት አጠገብ የተፈጠረውን አዲስ ጠርዝ ይላጡ። ልጣጩ ብርሃን የሚያሳልፍ ያህል ከሳሳ መልካም ነው። እንጨት በውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም ከፍ ስለማይል፣ ወፍራሙ የክብሪትን ነበልባል በከንቱ ይጨርሳል፤ ስሱ ልጣጭ ግን ወዲያው ይያያዛል።

የተዘጋጀው ሁሉ በሸራ ወይም በካፖርት ሥር ይቆይ፤ ልጣጭ እርጥብ አየር ውስጥ ከዋለ ይለሰልሳልና። እርጥብ መሬት ላይም አያቀጣጥሉ፤ የላጡትን ቅርፊት እንደ ወለል ደርድረው ልጣጩን በላዩ ያኑሩ። ሦስቱም መጠን እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ሳይቀመጥ ክብሪት አይጫሩ። እሳቱ ከያዘ በኋላ የተረፉትን እርጥብ ፍልጦች በዙሪያው ቢደረድሯቸው፣ ተራቸው እስኪደርስ ይደርቃሉ።