ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መግቢያ በር ሐውልት ማሠራት፦ ከቢጋር እስከ ርክክብ

ሐውልትና አጥር በአንድ መንገድ አይገዙም። አጥር በሜትር ይለካል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ ያስኬዳል። ሐውልትን በዚያው መንገድ ያጫረተ ግን መጨረሻ ላይ የሚረከበው የተቀባ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን እናንተው ወስኑና በጥሪው ላይ በግልጽ ጻፉት፤ ውድድሩ በሐሳብና በእጅ ሥራ ይሁን። ሐውልቱ የሚቆምበትን መደብ፣ የፍሳሽ መውረጃውን፣ ንጣፉንና መብራቱን ደግሞ ለይታችሁ በተለመደው የሥራ ዝርዝር ለተቋራጭ ስጡ። ሁለቱ በአንድ ጨረታ ከታሰሩ ተቋራጩ ቀራፂ የሚፈልገው በመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ያውም በርካሽ። በግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016 መሠረት የትኛው የግዥ ዘዴ እንደሚያስኬድ የግዥ ክፍሉ ገና ከጅምሩ በጽሑፍ ያሳውቃችሁ። ሞዴሉ ተመርጦ ካለቀ በኋላ የሚነሣ የአሠራር ጥያቄ ሥራውን ለዓመት ያስቆማል።

ጊዜው

በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ የሚጠናውም ልክ በዚያ ሰሞን ነው። በግንቦት «ገንዘቡ ሳይመለስ» ተብሎ በጥድፊያ የተፈረመ ውል መሠረቱን የሚቆፍረው በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ነው። ሥራውን ለሁለት የበጀት ዓመት ክፈሉት፤ በመጀመሪያው ቢጋር (ምን እንደሚሠራ የሚገልጸው መነሻ ሰነድ)፣ ጥሪ፣ ሞዴልና ውል፣ በሁለተኛው ማምረትና ተከላ። ቁፋሮውና የኮንክሪት ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ቢያልቅ ጥሩ ነው።

ቦታውን መለካት

ከሥዕል በፊት ሜትር ይዛችሁ ውጡ። አንድን ሥራ ሰው በአንድ እይታ ሙሉ በሙሉ እንዲያየው ከከፍታው እጥፍ ያህል መራቅ አለበት። መደቡ 1 ሜትር፣ ሐውልቱ 4 ሜትር ከሆነ ተመልካቹ 10 ሜትር መቆሚያ ያስፈልገዋል። ከበሩ እስከ አስፋልቱ ያለው 12 ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ 9 ሜትር ሐውልት የሚያስብ ኮሚቴ ለተማሪው የሚያሳየው የሐውልቱን ጉልበት ብቻ ነው።

ባጃጅ የሚቆምበትን፣ ተማሪ ለፍተሻ የሚሰለፍበትን፣ የጭነት መኪና የሚታጠፍበትን ቦታ በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ ተመልከቱና በኖራ አስምሩ። ከካምፓስ የሚወጣ ሾፌር ከግራና ከቀኝ የሚመጣውን ማየት አለበት፤ በዚያ የእይታ መስመር ላይ ከጉልበት በላይ የሚደርስ መደብ አይቁም። የውኃ ቧንቧ፣ የፋይበር መስመርና የመብራት ገመድ የት እንደሚያልፉ በፕላን ላይ ይውጣ።

ፀሐይን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ያደላል፤ በቀረው ዓመት በደቡብ በኩል ያልፋል። ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ምስል እንግዲህ አብዛኛውን ዓመት በራሱ ጥላ ውስጥ ነው፤ ፎቶ ላይ ጥቁር ይወጣል። ግድግዳ ላይ የሚቀረጽ ጥልቀት የሌለው ምስል ከተመረጠ ወደ ምሥራቅ ይዙር። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታው ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ያው ምስል ወደ ቀትር ሲቃረብ ብርሃኑ ከላይ ታክኮት ሲወርድ የ2 ሴንቲ ሜትር ጉብታው እንኳ ጥላ ጥሎ ይታያል።

ቢጋሩና ምርጫው

ኮሚቴው ከ7 ሰው አይብለጥ። ከውጭ የመጣ አንድ ቀራፂ ወይም ሠዓሊ፣ አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ፣ የጥበቃ ኃላፊውና የግቢ ውበት ኃላፊው ይኑሩበት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሐውልቱ ላይ ማን እንደሚወጣ፣ ማን ውኃ እንደሚያጠጣው ያውቃሉ።

ቢጋሩ አራት ገጽ ይበቃዋል፦ የቦታው ፕላን፣ የገንዘቡ ጣሪያ፣ ቀነ ገደቦቹ፣ የማይፈቀዱ ማቴሪያሎችና አንድ ሐሳብ። አንድ ብቻ። «የዩኒቨርሲቲውን ራእይ፣ የክልሉን ባህል፣ የሀገሪቱን ታሪክና የሳይንስን ዕድገት የሚያንጸባርቅ» ብሎ የሚጀምር ቢጋር መጽሐፍ፣ ችቦ፣ ሉልና ባለ ጥርስ ጎማ የተቆለሉበት ሐውልት ይወልዳል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1963 ከተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክና በ1972 ከተቋቋመው የመምህራን ትምህርት ተቋም፣ ሕዝቡ ዛሬም «ፖሊ» እና «ፔዳ» ከሚላቸው፣ የተገኘ ነው። ሁለት ወንዝ አንድ ሐይቅ መግባቱ ብቻውን ለቀራፂ በቂ ሐሳብ ነው። ታንኳ መምጣቱ አይቀርም፤ ይምጣ። ግን ደንገሉ እንዴት ተነባብሮ እንደሚታሰር ቀርቦ ያየና ከፖስት ካርድ የቀዳ ቀራፂ ሞዴሉ ላይ ወዲያው ይለያሉ።

በመጀመሪያው ዙር የቀድሞ ሥራ 10 ፎቶግራፍና አንድ ገጽ ሐሳብ ብቻ ጠይቁ። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሰው መርጣችሁ በ1፡10 መጠን ሞዴል አሠሩ፤ ለእያንዳንዱም ክፈሉ። ሳይከፈል የሚሠራ ሞዴል በአንድ ሌሊት የተሠራ ሞዴል ነው። ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ ከላይ ሆናችሁ አትዩት፤ ከዓይናችሁ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሐውልቱ ቆሞ የሚታየው እንደዚያ ነው።

ማቴሪያል

ነሐስ ውድ ነው፣ ግን ይኖራል። ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ 3 ሜትር የሰው ምስል በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከ250 እስከ 350 ኪሎ ይመዝናል። ከታች 10 ሚሊ ሜትር የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ውስጡ የሚቀረው አጽም ከማይዝግ ብረት ይሁን። ተራ ብረት ከነሐስ ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ቶሎ ይበላል።

ጥቁር ድንጋይ በአካባቢው ሞልቷል፤ ከአየሩም ጋር ይስማማል። 1 ሜትር ኩብ ወደ 3 ቶን ስለሚጠጋ ክሬኑ በየት እንደሚገባ አስቀድሞ ይታይ። ኮንክሪት ከተመረጠ ፌሮው ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ሽፋን ይኑረው። ከዚያ ሲቀጥን ፌሮው ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ የሐውልቱ ጣት ወይም አፍንጫ ይረግፋል። ፋይበር ግላስ ለበር አንመክርም። በ1,800 ሜትር ከፍታ ፀሐይ ላይ የነሐስ መስሎ የተቀባው ቀለም ይላጣል፣ ተማሪም በጣቱ መታ አድርጎ ባዶነቱን ይሰማል።

የግድግዳ ሥዕል የሚፈልግ ኮሚቴ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መጥቀሱ አይቀርም። ልብ ይባል፤ የጣና ገዳማት ሥዕሎች በአብዛኛው በጨርቅ ላይ ተሥለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ሰፊ ጣሪያና የቅኔ ማኅሌቱ ግድግዳ ከዝናብና ከፀሐይ ይጋርዷቸዋል። ያንኑ ሥዕል ሜዳ ላይ በልስን ግድግዳ ብትሥሉት በጥቂት ክረምት ይረግፋል። ከአሣሣሉ ግን ደማቁ ዳር መስመርና ትልልቁ ዓይን ከሩቅ ስለሚነበብ በሞዛይክ ቢሠራ ከሚሮጥ ባጃጅ ላይ እንኳ ይታያል።

መሠረት

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ከመሬት በታች ነው። በአካባቢው ብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መደቡንም ይዞት ያዘምማል። 3 ሜትር የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ዋልካው ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ወይም መሐንዲሱ እስከሚያዝዘው ጥልቀት ይውጣ፤ በምትኩ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲ ሜትር ድርብርብ እየረጠበና እየተጠቀጠቀ ይሞላ። በመደቡ ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ 2 በመቶ ያጋደለ ንጣፍ ይሠራ። ሣርና አበባ መደቡን ታክከው አይተከሉ፤ በበጋ በአንድ ጎን ብቻ የሚጠጣ ዋልካ ክረምቱን ሳይጠብቅ ያዘምማል።

የኮንክሪቱ የጥንካሬ ደረጃ ሲ-25 ይሁን፤ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ሐውልቱ 28 ቀን ሳይሞላ አይጫን። የመልሕቅ ቡሎኖቹ የሚቀበሩት ቀራፂው በሰጠው የላሜራ ሞዴል ቀዳዳ ልክ ነው። «ኋላ እንበሳለን» ከተባለ ሐውልቱ በክሬን ተንጠልጥሎ ሳለ ቀዳዳ ፍለጋ ይጀመራል።

ጽሑፉ

ነሐስ ላይ የወጣ የፊደል ስሕተት አይታረምም። ባሕር ወይስ ባህር፣ ዓባይ ወይስ አባይ፣ ፀሐይ ወይስ ጸሐይ፤ የአማርኛ ትምህርት ክፍሉ ወስኖ ይፈርምበት። ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ። ከ10 ሜትር እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ እንደ ጿ እና ዥ ያሉ ፊደላት ቅጥያቸው ቀጭን ስለሆነ ሲያንሱ ይደፈናሉ።

ውልና ክፍያ

ክፍያው እንዲህ ቢከፈል ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል፦ 20 በመቶ ሲፈረም በዋስትና፣ 30 በመቶ በሙሉ መጠን የተሠራው የሸክላ ጭቃ ሞዴል ሲጸድቅ፣ 30 በመቶ ሥራው አልቆ ከመጫኑ በፊት፣ 15 በመቶ ከተከላ በኋላ፣ 5 በመቶ ከአንድ ዓመት በኋላ። የጭቃው ሞዴል ዋናው ኬላ ነው። ኮሚቴው በሙሉ ወደ ስቱዲዮው ሄዶ፣ ዞሮ አይቶ፣ እያንዳንዱ ይፈርም። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም «ፊቱ ትንሽ ፈገግ ይበል» ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው ውሉ ይናገር፤ አዲስ ኃላፊ መሾሙ አይቀርምና።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቀራፂው በሥራው ላይ የሞራል መብት አለው፤ ስሙ ይጻፋል፣ ሥራው እንዳሻ አይቆራረጥም። ሻጋታው የማን እንደሆነ፣ ሁለተኛ ቅጂ ይሠራ እንደሆነ፣ በሩ ቢሰፋ ሐውልቱ እንዴት እንደሚነሣ፣ ዩኒቨርሲቲው ምስሉን በመጽሔትና በካላንደር ላይ ሊያወጣ ይችል እንደሆነ በዚያው ውል ይለቅ።

ከርክክብ በኋላ

በምረቃ ቀን መደቡ ላይ ሠላሳ ሰው በጋዋን ይወጣል። ይህን መከልከል አይቻልም፤ የመደቡ ጠርዝ የተሞረደ፣ የታችኛው ደረጃ ከፍታ ለመቀመጫ የሚሆን 45 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ሐውልቱ ላይ በእጅ የሚደረሰው ሁሉ የሰው ክብደት የሚችል ይሁን።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ በውኃና በቀላል ሳሙና ይታጠብ፤ የወፍ ኩስ ነሐስን ስለሚበላ ቶሎ ይነሣ። ነሐሱ ከደረቀ በኋላ ሰም ይቀባ። ሽቦ ብሩሽ፣ አሲድና የመኪና ማጠቢያ ፕሬዠር አይነኩትም። ይህ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለጥገና ክፍሉ ይሰጥ፤ ቅጂው በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይም ይለጠፍ፤ እንግዳ ይመጣል ተብሎ አጥሩ ሲቀባ ባልዲ የያዘው ቀቢ መጀመሪያ የሚያገኘው ጥበቃውን ነውና።