«ፍርድ ቤት የመሳሪያ ሕጉን ሻረው» የሚል ዜና ስታዩ እንዴት ታነቡታላችሁ

ይሄ ነገር ቴሌግራም ላይ በየጊዜው ይዞራል፣ «አሜሪካ ፍርድ ቤት የመሳሪያ ሕጉን ሻረው» ይባልና ስሩ ግማሹ ሰው «በቃ ሁሉም ሽጉጥ ታጥቆ ሊሄድ ነው» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ጮቤ ይረግጣል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ተሳስተዋል። እኔም አንዴ እንዲህ ያለ ዜና ተሽቀዳድሜ ሼር አድርጌ በሳምንቱ ነገሩ ተገልብጦ አፍሬያለሁ፣ ከዛ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

መጀመሪያ የትኛው ፍርድ ቤት ነው የወሰነው የሚለውን እዩ። በፌዴራል በኩል ታች 94 ዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች አሉ፣ ከነሱ በላይ 13 ይግባኝ ሰሚዎች፣ ከሁሉም በላይ 9 ዳኞች ያሉት ሱፕሪም ኮርት። ታች ያለው ዳኛ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው የሚወስነው፣ ነገሩ በሱ አያልቅም። ካሊፎርኒያን ውሰዱ፣ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና የሚከለክለውን ሕግ አንድ የሳንዲያጎ ዳኛ በ2019 ሻረው፣ ሕዝቡ ተሯሩጦ ካዝና ገዛ፣ ሳምንት ሳይሞላ ራሱ ዳኛው ይግባኙ እስኪታይ ብሎ ውሳኔውን አቆመው። በ2021 ይግባኝ ሰሚው ሕጉን መለሰው፣ በ2022 ሱፕሪም ኮርት እንደገና እዩት አለ፣ በ2023 ያው ዳኛ ደግሞ ሻረው፣ በ2025 ይግባኝ ሰሚው እንደገና 7 ለ 4 ሕጉን አጸና። ሁለቴ ሞቶ ሁለቴ የተነሳ ሕግ ማለት ይሄ ነው።

ቀጥሎ «ታገደ» የሚለው ቃል አያታላችሁ። አማርኛችን ለሁለት ነገር አንድ «እግድ» ነው ያለው፣ አንዱ ክሱ እስኪያልቅ ሕጉ ሥራ ላይ እንዳይውል የሚያግድ ነው፣ ሌላው ደግሞ ያንኑ የዳኛ ትእዛዝ የሚያግድ ነው፣ ማለትም ሕጉ ይቀጥላል ማለት ነው። ስለዚህ ምኑ ነው የታገደው ብላችሁ ጠይቁ።

ከዛ በምን ምክንያት ተሻረ? እዚህ ጋ ነው ሚዲያው በብዛት የሚሳሳተው። በ2024 ሱፕሪም ኮርት የባምፕ ስቶክ (ጠመንጃ ቶሎ ቶሎ እንዲተኩስ የሚያደርግ መግጠሚያ) ክልከላን 6 ለ 3 ሲጥል ብዙ ሰው የመታጠቅ መብት አሸነፈ ብሎ ጻፈ፣ ጉዳዩ ግን ከሕገ መንግሥቱ ጋር አልተገናኘም፣ ክልከላውን ያወጣው የመሳሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት «ማሽን ገን» (አውቶማቲክ መሳሪያ) የሚለውን የሕጉን ትርጉም ከልክ በላይ ለጥጦታል ነው የተባለው። ኮንግረስ ነገ አዲስ ሕግ አውጥቶ ሊከለክለው ይችላል።

ክሱ በእርግጥም በሴኮንድ አሜንድመንት (ስለ መታጠቅ መብት በሚናገረው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ) ከሆነ ግን አራት ፍርዶችን ማወቅ ይበቃችኋል። የ1791ዱ አንቀጽ አንድ አረፍተ ነገር ነው፣ ሚሊሻን አንስቶ የሕዝቡ የመታጠቅ መብት አይነካም ይላል፣ ሚሊሻው ነው ወይስ ግለሰቡ የሚለው ጭቅጭቅ እስከ 2008 ቆየ። በዛ ዓመት በሄለር ጉዳይ 5 ለ 4 የግለሰብ መብት ነው ተባለ፣ ቤት ውስጥ ሽጉጥ ለመያዝ ማለት ነው፣ ግን እዛው ውሳኔ ላይ መብቱ ገደብ አለው፣ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ መከልከል ይቻላል ይላል (ይሄን መስመር ማንም ሼር አያደርገውም)። በ2010 ማክዶናልድ የተባለው ፍርድ መብቱ ከፌዴራል አልፎ በስቴቶችና በከተሞችም ላይ እንዲሠራ አደረገው። በ2022 ብሩን በተባለው ጉዳይ ኒውዮርክ ተረታ፣ መብቱ ከቤት ውጭም ይሠራል ተባለ፣ ከዛ በላይ ግን ፍርዱ ሚዛኑን ቀየረው፣ ከዛ ወዲህ መንግሥት ሕጉ ይጠቅማል ማለቱ አይበቃውም፣ ከድሮው የአሜሪካ ሕግ አምሳያ ማምጣት አለበት። ዳኞች የታሪክ ተመራማሪ ሆነው ቁጭ አሉ፣ በኔ አስተያየት ታች ያሉት ፍርድ ቤቶች የተመሰቃቀሉት በዚህ ነው። በ2024 ራሂሚ በተባለው ጉዳይ ሚዛኑን ትንሽ አለዘቡት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያለበትን ሰው መሳሪያ መከልከል ይቻላል፣ ሕጉ የግድ የድሮው ሕግ መንታ መሆን አያስፈልገውም፣ መርሁ ከተቀራረበ ይበቃል አሉ፣ 8 ለ 1።

«ሱፕሪም ኮርት አልቀበልም አለ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ሕጉ ልክ ነው ማለት አይደለም፣ ጉዳዩን ለመስማት የፈለጉ 4 ዳኞች አልተገኙም ማለት ብቻ ነው። በ2025 የሜሪላንድ የኤአር 15 ጠመንጃ ክልከላ ሳይነካ የቀጠለው በዚህ መንገድ ነው።

መሳሪያ ያላችሁ ወይ ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ በርዕስ ብቻ አትንቀሳቀሱ፣ የአንዱ ስቴት ውሳኔ ለሌላው አይሠራም፣ እንደ ተማሪና ቱሪስት ባለ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር በፌዴራል ሕግ መሳሪያ መያዝ አይችልም፣ ይሄ ወንጀል ነው፣ ጠበቃ ጠይቁ።

የይግባኝ ፍርዱን ራሱን ከከፈታችሁት 100 ገጽ አያስደንግጣችሁ፣ የሱፕሪም ኮርት ከሆነ መግቢያው ላይ አጭር ማጠቃለያ አለ፣ እሱን አንብባችሁ ዋናው አስተያየት የሚያልቅበት ጋ ሂዱ። «አፈርምድ» ካለ የታችኛው ውሳኔ ጸና፣ «ሪቨርስድ» ካለ ተገለበጠ፣ «ቬኬትድ ኤንድ ሪማንድድ» ካለ ደግሞ የታችኛው ውሳኔ ተሰርዞ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወደ ታች ተመልሷል፣ ገና ማንም አላሸነፈም።