ቡድኑ በማጭበርበር ሲጠረጠር አመራሩ ምን ያድርግ?

አንድ ቡድን በማጭበርበር ሲጠረጠር አመራሩ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅ የሚገባው ያላጣራውን እንዳይናገር ነው። ይህ ሲባል ዝም ይበል ማለት አይደለም፤ ክስ መቅረቡን፣ ማጣራት መጀመሩንና ቀጣዩ መግለጫ መቼ እንደሚሰጥ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ውሎ ሳያድር መውጣት አለበት። ከዚያ ያለፈ ማብራሪያ ግን ማስረጃ እስኪሰበሰብ ይቆይ።

የአውስትራሊያ የክሪኬት ቡድን ይህን ባለማድረጉ ከባድ ዋጋ ከፍሏል። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2018 ኬፕታውን ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሲጫወት፣ ካሜሮን ባንክሮፍት ኳሷን በባዕድ ነገር ሲፈትግና ዕቃውን ሱሪው ውስጥ ሲደብቅ በካሜራ ታየ። በክሪኬት የኳሷ አንድ ገጽ ከሻከረ በአየር ላይ አቅጣጫዋን ልትቀይር ስለምትችል ድርጊቱ በጨዋታው ሕግ የተከለከለ ነው። ባንክሮፍትና አምበሉ ስቲቭ ስሚዝ በዕለቱ ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ጥፋቱን አመኑ፤ ነገር ግን ዕቃው አፈር የተጣበቀበት ፕላስተር እንደሆነ ተናገሩ። ከአራት ቀን በኋላ የአገሪቱ የክሪኬት አስተዳደር ብርጭቆ ወረቀት እንደነበር አስታወቀ። ጥፋትን ለማመን የተሰጠው መግለጫ ራሱ ሐሰት ያለበት ሆኖ በመገኘቱ፣ ባንክሮፍት ለሁለተኛ ጊዜ፣ በዚህኛው ስለ መዋሸቱ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ።

ስለዚህ ማንም ተጫዋች ማይክሮፎን ፊት ከመቅረቡ በፊት፣ ከቡድኑ ውጭ የሆነ የሕግ ባለሙያ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠይቆ ቃሉን በጽሑፍ ይያዝ። ሁሉንም በአንድ ክፍል ሰብስቦ መጠየቅ አንዱ የሌላውን ቃል እንዲደግም ብቻ ያደርጋል። የቪዲዮ ምስሎች፣ የስልክ መልእክቶችና ዕቃው ራሱም እንዳይጠፉ በዚያው ሰዓት ይሰብሰቡ።

የምርመራው ውጤት ያጠፋውን ሰው ብቻ ሳይሆን ስለ ጥፋቱ የማያውቀውንም ሰው በግልጽ መለየት አለበት፤ ይህ በብዙ ቡድኖች የሚዘነጋ፣ እኔ ግን ከቅጣቱ የበለጠ የምመለከተው ጉዳይ ነው። ስሚዝ ዕቅዱን የቡድኑ መሪ ተጫዋቾች ያውቁ እንደነበር ስም ሳይጠራ መናገሩ ሁሉንም አስጠረጠረ። እሱና ምክትሉ ዴቪድ ዋርነር 12 ወር፣ ባንክሮፍት ደግሞ 9 ወር ቢታገዱም፣ የቡድኑ አራት ኳስ ወርዋሪዎች ያውቁ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ በ2021 እንደገና ተነሣ፤ አራቱም አለማወቃቸውን በጋራ መግለጫ ማስተባበል ግድ ሆነባቸው።

በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የካናዳ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ባልደረባ የኒውዚላንድን ልምምድ በድሮን ሲሰልል ሲያዝ፣ ፌዴሬሽኑ ይቅርታ ጠይቆ ሁለት የቡድኑን ባልደረቦች ወዲያው ወደ አገራቸው ላከ፤ ዋና አሰልጣኟንም ብዙ ሳይቆይ አገደ። ፊፋ ስድስት ነጥብ ቢቀንስባቸውም ተጫዋቾቹ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዎች አሸንፈው ወደ ሩብ ፍጻሜ አለፉ። ፌዴሬሽኑ የነጥብ ቅነሳው ጥፋት የሌለባቸውን ተጫዋቾች እንደሚቀጣ ገልጾ ይግባኝ ማለቱ፣ ባይሳካለትም፣ ተገቢ ነበር።

ቅጣትን ስፖንሰር ለማቆየት ማዋል አይገባም። የአውስትራሊያው ቡድን ስፖንሰር የነበረው ማጄላን የተባለ ኩባንያ፣ ተጫዋቾቹ ቢቀጡም፣ እገዳው በተገለጸ ማግስት ውሉን አፍርሷል። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ብቻ ይመዘን።

የይቅርታው ቃል መጀመሪያ ሊደርስ የሚገባው ለተበደለው ተጋጣሚ ነው፤ ማስተባበያም አይቀላቀልበት። የሂዩስተን አስትሮስ የቤዝቦል ቡድን በ2017 ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት የተጋጣሚ ኳስ ተቀባይ ለወርዋሪው የሚሰጠውን የእጅ ምልክት በካሜራ ይሰርቅ እንደነበር ከተረጋገጠ በኋላ፣ ባለቤቱ ጂም ክሬን በ2020 ይቅርታ በጠየቁበት መድረክ ድርጊቱ በጨዋታው ላይ ለውጥ አላመጣም ብለው እንደሚያምኑ በመናገራቸው የይቅርታው ዋጋ እዚያው ወደቀ። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት፣ በዚያ ጨዋታ ተሸንፎ የወጣ ተጫዋች እንዴት እንደሚያነበው በማሰብ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይመርመር፤ እሱን የሚያስቆጣ ማመካኛ ከተገኘም ይሰረዝ።