ሞዴል ኤ ሮድስተር ፒክአፕን በቤት ጋራዥ ወደ ሆት ሮድ ሲቀይሩ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ፎርድ ከ1928 እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ያመረተው የሞዴል ኤ ሮድስተር ፒክአፕ ቋሚ ጣሪያ የሌለው ካቢንና አጭር የጭነት ሳጥን የነበረው ቀላል መኪና ሲሆን፣ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ፎርድ በ1932 ባለ 65 የፈረስ ጉልበት ቪ8 (ስምንት ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ) ሞተር ካወጣ በኋላ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ይህን ሞተር በአሮጌው ቀላል አካል ላይ መግጠም ጀመሩ። ዛሬ በቤቱ ጋራዥ ሆት ሮድ፣ ማለትም ጠንካራ ሞተር የተገጠመለት አሮጌ ቀላል መኪና፣ የሚሠራ ሰውም የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ የ1929 አካል፣ የ1940ዎቹ ሞተር፣ ከዚያ ወዲህ የመጣ የመሪ ሳጥንና የዘመኑ ባትሪ በአንድ ሻንሲ ላይ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ዕቃ በተሠራበት መኪና ላይ ያለ ችግር ይሠራ ነበርና፣ ብልሽት ሲያጋጥም አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሁለቱ ዕቃዎች የተጋጠሙበትን ቦታ መመርመር ያስፈልጋል።

በሩ አይገጥምም

ይህ ችግር ብዙውን ጊዜ የሚታየው ቀለም ለመቀባት ሲታሰብ ቢሆንም፣ የሚፈጠረው ግን ዝገት የበላው ወለል ተቆርጦ በወጣበት ቀን ነው። ሮድስተር ከላይ የሚይዘው ጣሪያ ስለሌለው የፊቱንና የኋላውን ክፍል የሚያገናኛቸው ከበሩ ሥር ያለው አግዳሚ ብቻ ነው፤ እሱ ሲቆረጥ ሁለቱ ክፍሎች ወደየራሳቸው ያዘነብላሉ። ስለዚህ አንድም ብረት ከመቆረጡ በፊት በበሩ ክፍት ቦታ ላይና ከግራ ወደ ቀኝ ድጋፍ የሚሆኑ ቱቦላሬዎችን መበየድ ግድ ነው።

ወለሉ ያለ ድጋፍ ተቆርጦ ካለፈ ያለው መንገድ ደግሞ የሚከተለው ነው። ሻንሲው ሞተሩንና ካምቢዮውን ተሸክሞ በጎማው ላይ ይቁም፤ መሀሉን በክሪክ ተደግፎ የተለካ ክፍተት መኪናው መሬት ሲነካ ይለወጣልና። ከዚያም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ በበሩ ዙሪያ ሁሉ እየተንሸራተተ የት እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ በጠመኔ ምልክት ይደረግ። ክፍተቱ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ፣ የካቢኑ የፊት ጫፍ በሻንሲው ላይ በሚያርፍበት ቡሎን ሥር ስስ ቆርቆሮ ሲጨመር የፊቱ ክፍል ወደ ኋላ ያዘነብልና የላይኛው ክፍተት ይጠብባል። በሩ ከላይ የሚነክስ ከሆነ ግን መሀሉ ወርዷል ማለት ስለሆነ፣ ቆርቆሮው የሚገባው ከማጠፊያው ምሰሶ ሥር ነው። በሩን መሞረድ ወይም መቀጥቀጥ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን አይገባም።

ሞተሩ ይግላል

በአሮጌው የፎርድ ቪ8 ላይ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውጭ የሚወጣው በሞተሩ ብሎክ ውስጥ፣ ውሃው በሚያልፍበት ቦታ ተሻግሮ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከተፈጥሮው ውሃውን በብዛት ያሞቃል። በዚያ ላይ የሞዴል ኤ ጠባብ ራዲያተር ሲጨመርበት ሁሉም ሰው ራዲያተሩን ይወቅሳል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን መቼ እንደሚግል ነው። ቆሞ ሲሠራ ብቻ የሚግል ከሆነ የጎደለው አየር ነው፤ ቬንቲላተሩ ከራዲያተሩ ርቋል ወይም አየሩን የሚሰበስብለት መከለያ የለውም። በፍጥነት ሲነዳ የሚግል ከሆነ ግን የጎደለው የውሃ ዝውውር ነው፤ ብሎኩ በፋብሪካ በሻጋታ ሲፈስ የቀረ አሸዋና ዝገት የብሎኩን ውስጥ ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል፣ የብሎኩ የጎን ክዳኖች ወጥተው ውስጡ በሽቦ እየተቆፈረ በኃይለኛ ውሃ መታጠብ አለበት። ሞተሩ ገና በቀዝቃዛው ተነስቶ በራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ከታየ የቴስታታው (የብሎኩ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቷል ወይም ብሎኩ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በቫልቭ መቀመጫና በሲሊንደር መካከል የተለመደ ስለሆነ፣ ብሎክ የሚገዛ ሰው ለሌላ ሥራ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ማስመርመር ይኖርበታል።

በካርቡራተሩ ቤንዚን ይፈሳል፣ ወይም ሲሞቅ ይጠፋል

ስትሮምበርግ 97 ካርቡራተር የተሠራው ለዝቅተኛ ግፊት ነው፤ ከ2.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከተገጠመለት የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ መዝጋት ያቅተውና ቤንዚኑ በትኩስ ሞተር ላይ ይፈሳል። ይህ የእሳት አደጋ ስለሆነ የግፊት መቆጣጠሪያና ግፊቱን የሚያሳይ ጌጅ ሳይገጠም መኪናው መነዳት የለበትም። ሲሞቅ የሚጠፋው ደግሞ የቤንዚኑ ቱቦ ከጭስ ማውጫው አጠገብ በማለፉ ቤንዚኑ ውስጡ ስለሚፈላ ነው፤ ቱቦውን በሌላኛው የሻንሲው ጎን ማሳለፍና ፓምፑን ወደ ታንኩ ማስጠጋት ይፈታዋል።

ሞቶሪኖው (ሞተር አስነሺው) ይደክማል፣ መብራቱ ይዋልላል

በአዲስ ቀለም የተቀባ ሻንሲ ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ) አይሰጥም፤ ፋይበርግላስ አካል ከሆነማ ጭራሽ የለም። ከባትሪው በቀጥታ ወደ ሞተሩ ብሎክ ወፍራም ገመድ ይዘርጋ፣ ከብሎኩም ወደ ሻንሲውና ወደ አካሉ ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ ይታሰር። ሞቶሪኖው እየዞረ በባትሪው ኔጌቲቭና በብሎኩ መካከል ከ0.5 ቮልት በላይ ከተለካ ማሳው ደካማ ነው።

የፍሬን ፔዳሉ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ሲደገም ይይዛል

ሞዴል ኤ በዘንግ የሚጎተት ፍሬን ነበረው፤ ፎርድ ወደ ዘይት ፍሬን የገባው በ1939 ነው። ሆት ሮድ ሠሪዎች ዋናውን የፍሬን ፓምፕ ከወለሉ ሥር ስለሚያስቀምጡት፣ ፓምፑ ከጎማው ሲሊንደሮች ዝቅ ይልና ዘይቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። መፍትሄው በመስመሩ ላይ ቀሪ ግፊት የሚይዝ ቫልቭ መግጠም ሲሆን፣ ለዲስክ 2 ፒኤስአይ፣ ለታምቡር 10 ፒኤስአይ ነው። አንዳንድ የታምቡር ፓምፖች ቫልቩን በውስጣቸው ስለያዙ ያንን ለዲስክ መስመር መጠቀም ፍሬኑን ያስጎትታል። መኪናው እየተነዳ ፍሬኑ ቀስ በቀስ በራሱ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከል ትንሽ ክፍተት አልተተወም።

የፊት ጎማው ይንቀጠቀጣል

በአንድ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ የሚነሳውና መኪናው እስኪዘገይ የማያቆመው መንቀጥቀጥ ከሁሉም የሚያስፈራው ነው፤ ብዙዎችም ማርገቢያ ገጥመው ይሸፍኑታል፤ እኔ ግን ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዋነኛው መንስኤ የፔርኖው፣ ማለትም የፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ፣ ወደ ኋላ ማዘንበል መቀነሱ ነው። የሆት ሮድ ውበት አፍንጫውን ዝቅ፣ ኋላውን ከፍ ማድረግ ስለሆነ፣ ሻንሲው ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር የፔርኖው ማዕዘን በዚያው መጠን ይጠፋል። የጭነት ሳጥኑ፣ ታንኩና ሹፌሩ ሳይኖሩ የተለካ ማዕዘንም ሲጫኑ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ተጠናቆ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሹፌሩ ተቀምጦ ይለካ፤ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሊሆን ይገባዋል።

ይህ ትክክል ሆኖ ሳለ መንቀጥቀጡ ከቀጠለ፣ ጎማውን አንስቶ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ረዳት ፍሬኑን ሲረግጥ ልልነቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የፔርኖው ነው። ቀጥሎም ባሌስትራው አግድም ስለተዘረጋ፣ ከጎን የሚገፋ የኋለኛ ዘመን መሪ ሳጥን ከተገጠመ አክስሉ ራሱ ከጎማዎቹ ቀድሞ ወደ ጎን ይሄዳል። ይህንን የሚከለክለው አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያስር አግዳሚ ዘንግ ነው፤ ዘንጉም በርዝመትም በማዕዘንም ከመሪው ቲራንቲ (ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው ከሚሄደው ዘንግ) ጋር መመሳሰል አለበት። በመጨረሻም በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሀል በጠመኔ መስመር ተሠምሮ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ በእምብርቱ ቁመት ሲለካ፣ የፊቱ ልኬት ከኋላው ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ማነስ ይኖርበታል።