ስክሪን ላይ ሠርቶ ቦርድ ላይ የሚጨስ ኮንቨርተር፦ በሲሙሌሽን ጊዜ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ሆኖ የኮንቨርተር (ቮልቴጅ የሚቀይር ሰርኪዩት) ፕሮጀክት ለሚሠራ ተማሪ የመጀመሪያው ላቦራቶሪ ላፕቶፑ ነው። ሞስፌት (ከረንቱን የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር) ተቃጠለ ማለት ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪላክ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሲሙሌት ማድረጉ ደግ ነው። የሰርኪዩት መሞከሪያ ሶፍትዌሩ ኤልቲስፓይስ በነፃ ይወርዳል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም አይከብድም። ግን ይህ ሶፍትዌር ከልክ በላይ ታዛዥ ነው። የማይረባ ነገር ስትሰጡትም ያማረ ግራፍ አውጥቶ ያሳያችኋል።

ለምሳሌ እንዲመቸን አንድ ባክ ኮንቨርተር፣ ማለትም ቮልቴጅ የሚቀንስ፣ እንያዝ። ከሶላር ባትሪ 12 ቮልት ተቀብሎ ለስልክ ቻርጅ 5 ቮልት፣ 1 አምፔር ይሰጣል። ፍሪኩዌንሲው 100 ኪሎኸርዝ፣ ኢንዳክተሩ 100 ማይክሮሄንሪ፣ ካፓሲተሩ 100 ማይክሮፋራድ ነው።

በእጅ ሳያሰሉ ሩን መጫን

የስህተቶች ሁሉ እናት ይቺ ናት። ወረቀት አውጡ። ዲዩቲ ሳይክሉ፣ ማለትም ሞስፌቱ በርቶ የሚቆይበት የጊዜ ድርሻ፣ 5 ለ12 ሲካፈል 0.42 ገደማ ነው። የኢንዳክተሩ ሪፕል (የከረንቱ ከፍና ዝቅ ማለት) ደግሞ፣ በ12 እና በ5 መካከል ያለው 7 ቮልት በ0.42 ተባዝቶ፣ ለኢንዳክተሩና ለፍሪኩዌንሲው ብዜት ሲካፈል 0.29 አምፔር ይመጣል። ግራፉ 2 አምፔር ሪፕል ካሳያችሁ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። ቁጥሩን በእጁ ያልያዘ ሰው ግን ያንን 2 አምፔር አሜን ብሎ ይቀበላል።

ሰርኪዩቱ ሳይረጋጋ መለካት

ብዙ ሰው ሲሙሌሽኑን ለ0.2 ሚሊሰከንድ ያስኬድና ኤፊሸንሲ ይለካል። የኛ ኢንዳክተርና ካፓሲተር አንዴ ለመወዛወዝ ብቻ 0.63 ሚሊሰከንድ ይፈጅባቸዋል። በ5 ኦም ሎድ ውዝዋዜው እስኪከስም 5 ሚሊሰከንድ ያህል ስጡት፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሳይክሎች ብቻ ለኩ። አለበለዚያ የምትለኩት ካፓሲተሩን ለመሙላት የወጣውን ኃይል ነው።

ያን መነሻ ግን ቆርጣችሁ አትጣሉት። ፊድባክም (ውጤቱን እያየ የሚያስተካክል) ሶፍት ስታርትም (ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ) ከሌለው፣ ውጤቱ በመጀመሪያው ዝላይ ወደ 8 ቮልት ይወጣል። ስልክ ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ አስቡት! የኢንዳክተሩም ከረንት ከ4 አምፔር ያልፋል። ሲሙሌተሩ ውስጥ ያለው ኢንዳክተር ምንም ያህል ከረንት ቢገባበት 100 ማይክሮሄንሪ እንደሆነ ይቀጥላል። የገዛችሁት ግን 2 አምፔር የሚችል ከሆነ ኮሩ ሳቹሬት ያደርጋል (ከዚያ በላይ ማግኔትነት መያዝ ያቅተዋል)፤ ኢንዳክታንሱ ይወድቃል፤ ከረንቱም ይተኮሳል። ቦርዱን ስታበሩ ወዲያው ሞስፌቱ የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ጌቱን ከግራውንድ ጋር ማሰር

ኤን ቻናል ሞስፌት ከላይ፣ ማለትም ከ12 ቮልቱ በኩል ይቀመጣል። ተማሪው የ10 ቮልት ፐልስ በጌቱ፣ ማለትም በማዘዣ እግሩ፣ እና በግራውንድ መካከል ያገባል። ሞስፌቱ ግን የሚያውቀው በጌቱና በራሱ ሶርስ (ከረንቱ በሚወጣበት እግር) መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሶርሱ ከፍ ባለ ቁጥር ያ ልዩነት ይጠባል፤ ሞስፌቱም በግማሽ ተከፍቶ ይቀራል። ውጤቱ ያንሳል። ተማሪው ምን ያደርጋል? 5 ቮልት እስኪያይ ዲዩቲውን ይጨምራል! ቮልቴጁ መጣ፤ ሞስፌቱ ግን እንደ ምድጃ እየነደደ ነው። ሁልጊዜ የሞስፌቱን የኃይል ብክነት ግራፍ አውጥታችሁ እዩ።

መፍትሔው ፐልሱን በጌትና በሶርስ መካከል ማግባት ነው። ሲሙሌሽን ላይ ይሄ ቀላል ነው። ቦርድ ላይ ግን እንዲህ ተንሳፍፎ የሚቀመጥ ምንጭ አታገኙም። እንደ አይአር2110 ያለ የቡትስትራፕ ድራይቨር (ለጌቱ ከሶርሱ በላይ የሆነ ቮልቴጅ በካፓሲተር የሚያዘጋጅ ቺፕ) ወይም ፒ ቻናል ሞስፌት ያስፈልጋል። የቡትስትራፕ ካፓሲተሩ የሚሞላው ደግሞ የሞስፌቱ ሶርስ ወደ ግራውንድ ሲወርድ ነው። ስለዚህ ድራይቨሩንም በሲሙሌሽኑ ውስጥ አስገቡት፤ ሎድ በሌለበት ሰዓት ምን እንደሚሆን ታያላችሁ።

ፍጹም ካፓሲተር

ይቺን በቁጥር እንያት። ካፓሲተሩ ፍጹም ከሆነ የውጤት ሪፕሉ 3.6 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ደስ ይላል። አሁን ካፓሲተሩን በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ የውስጥ ሬዚስታንሱን፣ ኢኤስአር የሚባለውን፣ 0.1 ኦም አድርጉት። ርካሽ ኤሌክትሮላይቲክ ላይ ይሄ ቁጥር ብርቅ አይደለም። ሪፕሉ ወደ 29 ሚሊቮልት ዘለለ፤ ስምንት እጥፍ። ካፓሲተሩን በእጥፍ ብታሳድጉትና ኢኤስአሩ ባለበት ቢቆይ፣ ሪፕሉ ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም። ይህን ያላየ ሰው ትልቅ ካፓሲተር እየገዛ ገንዘቡን ይጨርሳል።

ኢንዳክተሩም እንዲሁ ነው። ኤልቲስፓይስ ምንም ካልነገራችሁት 1 ሚሊኦም ብቻ ይሰጠዋል። የእውነተኛውን ከዳታሺቱ ሙሉ።

ኤም የምትባለው ፊደል

በስፓይስ፣ ማለትም ኤልቲስፓይስ በተመሠረተበት ፕሮግራም፣ ትልቁም ትንሹም ኤም ሚሊ ነው። ስፓይስ በፈረንጆቹ 1973 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የተወረሰ ልማድ ነው። ሜጋ ከፈለጋችሁ ኤም፣ ኢ፣ ጂ ሦስቱንም ጻፉ። በጌትና በሶርስ መካከል 1 ሜጋኦም ያስገባችሁ መስሏችሁ 1 ሚሊኦም ካስገባችሁ ጌቱን ሾርት አድርጋችኋል። ከዚያ ሞስፌቱ አልበራ ሲል ቀኑን ሙሉ ሞዴሉን ስትረግሙ ትውላላችሁ። 1 ፋራድ ብላችሁ 1ኤፍ ስትጽፉም የሚነበበው ፌምቶ ነው።

የጊዜ እርምጃውን ለዕድል መተው

ፒደብሊውኤሙን (ሞስፌቱን የሚያበራና የሚያጠፋውን ፐልስ) በኮምፓሬተር (ሁለት ቮልቴጅ በሚያወዳድር ሰርኪዩት) ከሠራችሁት፣ ሰፊ የጊዜ እርምጃ መቀያየሪያዋን ቅጽበት ያስታል። ከ10 ማይክሮሰከንድ ፔሬድ ላይ አንዲት ማይክሮሰከንድ ስህተት 10 በመቶ ናት፤ በ12 ቮልት 1.2 ቮልት ማለት ነው። ለኛ ሰርኪዩት ከፍተኛውን እርምጃ ከ20 እስከ 50 ናኖሰከንድ አድርጉት። የፐልሱን መውጫና መውረጃ ጊዜም ዜሮ ብላችሁ አትተዉት። ፕሮግራሙ የራሱን ይሞላበታል፤ እናንተ ካሰባችሁት በጣም የዘገየ ሊሆን ይችላል። 10 ወይም 20 ናኖሰከንድ ብላችሁ ጻፉት።

«ታይም ስቴፕ ቱ ስሞል» የሚል መልእክት መጥቶ ቢቆም ደግሞ አብሽሩ። የመጀመሪያው እርምጃ ሬልቶልን (ሲሙሌተሩ የሚፈቅደውን የስህተት መጠን) ማላላት መሆን የለበትም፤ እሱ ስህተቱን መሸፈን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ፍጹም ስዊች ከፍጹም ካፓሲተር ጋር መጋጠሙ ነው። ትንሽ ሬዚስታንስ ጣል ስታደርጉበት ይራመዳል።

ስዊች የሚያደርገውን ሰርኪዩት በኤሲ አናሊሲስ መፈተን

የፊድባኩን መረጋጋት ለማየት ተብሎ ይሠራል፤ ግን የሚወጣው ቦዲ ግራፍ (በየፍሪኩዌንሲው ያለውን ምላሽ የሚያሳይ) ዋጋ የለውም። ኤሲ አናሊሲስ ሰርኪዩቱን በአንድ የቆመ ነጥብ ላይ ይይዘዋል። ስዊቹ እዚያ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ። ለዚህ የሚያገለግለው ተመራማሪዎቹ ሚድልብሩክና ቹክ በፈረንጆቹ 1976 ያቀረቡት ዓይነት አቬሬጅ ሞዴል (ስዊቹን በአማካይ ባሕርዩ የሚተካ) ነው።

ሲሙሌተሩ ወሎን አያውቅም

ምንጩ ከባትሪ ይልቅ በቀጥታ ፓነል ከሆነ 12 ቮልት ብላችሁ አትለፉት። «12 ቮልት» የሚባለው ባለ 36 ሴል ፓነል ሎድ ሳይኖረው 21 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በደሴ የጠዋት ብርድ ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። ሞስፌቱንና የግቤት ካፓሲተሩን በዚያ ቮልቴጅ ፈትኑ።

የቦርዱ መስመርም ኢንዳክታንስ አለው። 20 ናኖሄንሪ ሽቦ ላይ 5 አምፔር በ20 ናኖሰከንድ ሲቋረጥ 5 ቮልት ይነሳል። ስለዚህ በሞስፌቱ ዙሪያ ትናንሽ ኢንዳክተሮች ጨምራችሁ እዩት።

ከፍታውም አለ። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት። በ220 ቮልት የሚሠራ ፍላይባክ (በትራንስፎርመር የሚሠራ ኮንቨርተር) ከሠራችሁ፣ የኢንሱሌሽን ደረጃው አይኢሲ 60664 በመስመሮች መካከል እንዲኖር የሚሰጠው የአየር ክፍተት እስከ 2000 ሜትር ነው፤ ለ3000 ሜትር በ1.14 ይባዛል። አየሩ ሲሳሳ ሂትሲንኩም ሙቀት የማስወጣት አቅሙ ይቀንሳል።

ወደ ባቲ ስትወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኤልቲስፓይስ ካልነገራችሁት ሙቀቱን 27 ዲግሪ አድርጎ ይይዛል። ባቲ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጡ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የሞስፌቱ ሬዚስታንስ ሲግል ስለሚጨምር፣ ዳታሺቱ ላይ በ100 ዲግሪ የሚያሳየውን አንብባችሁ ብክነቱን በዚያ ቁጥር እንደገና አስሉት።