የእማዬ መድኃኒት በጤና መድን እንዴት እንደተሸፈነልን

እማዬ ስኳርም ግፊትም አለባት፣ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያዋም በየዓመቱ ይታደሳል፣ ግን ሦስት ወር ሙሉ የስኳሩን ሜትፎርሚንም የግፊቱን አምሎዲፒንም ከኪሳችን ነው የገዛነው ምክንያቱም ጤና ጣቢያ በሄድን ቁጥር "የለም፣ ከውጭ ግዙ" ነው የሚሉን። ለካ እሷ ብር እንዳታስወጣን ብላ ኪኒኑን አንድ ቀን እየዘለለች ነበር የምትውጠው፣ ብልቃጡን ከፍቼ ስቆጥር ነው ያወቅኩት፣ በጣም ነው ያመመኝ።

በነጋታው ወረዳ መድን ክፍል ሄጄ ጠየቅኩ። ለካ የለም ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትወጡ፣ ማዘዣው ላይ "የለም" ብለው ጽፈው ማህተም ይምቱበት፣ ከዛ ስትገዙ በታካሚው ስም ህጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉና ከማዘዣውና ከመድን መታወቂያው ኮፒ ጋር መድን ክፍሉ አስገቡ። እኛ ማህተም ባለው ማዘዣ የገዛንበት ብር ተመለሰልን፣ የድሮዎቹ ግን ማዘዣቸው ማህተም ስለሌለው ቀሩ። አሰራሩ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል፣ አንዳንዱ ጋ ከመድኑ ጋር ውል ያለው መድኃኒት ቤት አለ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዙ እንዳትሄዱ፣ ሙሉውን አይሸፍንላችሁም።

እማዬ አሁን ሳትዘል ነው የምትውጠው፣ በየሳምንቱ እቆጥራለሁ።