ተጎታች ሲጎተት የሚታዩ ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

አሜሪካ ውስጥ ቤት ሲቀየር ብዙዎቻችን ተጎታች ተከራይተን በቤት መኪና እንስባለን። የሚጠየቀው ግን «ስንት ፓውንድ ይጎትታል?» ብቻ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የድሮው ቶዮታ ሲዬና 3,500 ሲጎትት ከ2021 ወዲህ ያለው ሃይብሪድ 1,500 ብቻ ነው። ይሁንና ቤተሰብ የሞላው መኪና ላይ ቀድሞ የሚያልቀው የመሸከም አቅሙ ነው።

ምልክት፦ የመኪናው ኋላ ይወርዳል፣ መሪው ይቀላል

መንስኤው የተጎታቹ አንገት (ከፊቱ የወጣው ብረት) ሂቹ ላይ፣ ማለትም ከመኪናው ኋላ የሚገጠመው ማያያዣ ላይ፣ የሚጥለው ክብደት ነው። ይህ ክብደት ከተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲሆን፣ እንደ ትርፍ ሰው መኪናው ላይ ይቆጠራል። የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ፓውንድ እንዳይበልጥ ይናገራል። 1,200 ይላል እንበል። ቤተሰቡ 700፣ ሻንጣው 100፣ የ4,000 ፓውንድ ተጎታች አንገት ቢያንስ 400። ሞላ! ሂቹ ራሱ ገና አልተመዘነም፤ መኪናው 5,000 ይጎትታል መባሉም እዚህ ላይ አያድንም።

መፍትሄው ቀለል ያለ ተጎታች መያዝ ወይም ከመኪናው ዕቃ ማውረድ ነው። ክብደት የሚያከፋፍለው ሂች ሸክሙን ወደ ፊት ጎማ ይመልሳል እንጂ አቅም አይጨምርም፤ የመኪናውን መመሪያ ሳያዩ አይግዙት።

ምልክት፦ ተጎታቹ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል

ብዙ ጊዜ ዕቃው ወደ ኋላ ስለበዛ ነው። መንገድ ላይ ከጀመረ እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ፍሬን በድንገት አይርገጡ። ከቆሙ በኋላ 60 በመቶ ያህሉን ዕቃ ከአክሱ (የግራና የቀኝ ጎማውን ከሚያገናኘው ዘንግ) ፊት ያድርጉ። ውዝዋዜ መቆጣጠሪያ የሚገዛው ጭነቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ሻጮች ቅደም ተከተሉን ቢገለብጡት አይግረምዎ።

ምልክት፦ ቶሎ አይቆምም፣ ፍሬኑ ይሸታል

ተጎታቹ የራሱ ፍሬን የለውም፣ ወይም አለው ግን አይሠራም። በብዙ ስቴቶች 3,000 ፓውንድ ላይ ሲደርስ ፍሬን ግዴታ ነው፤ ከዚያም ዝቅ የሚያደርጉ አሉ። የኤሌክትሪክ ፍሬን ባለ 7 ፒን ሶኬትና ሾፌሩ አጠገብ የሚገጠም መቆጣጠሪያ ይፈልጋል፤ ባለ 4 ፒኑ መብራት ብቻ ነው።

ምልክት፦ ፍሬቻ ሲያበሩ ሌላው መብራት ይደበዝዛል

አምፖል አይቀይሩ። ችግሩ ማሳው (ግራውንዱ) ነው። ነጩ ሽቦ የታሰረበትን ቡሎን ፈተው ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉና መልሰው ያጥብቁ።

ምልክት፦ ሂቹ ላይ ይንቋቋል

የተጎታቹ አፍ የሚቀመጥበት የሂቹ ኳስ አንሶ ይሆናል። 1⅞ ኢንች ኳስ ባለ 2 ኢንች አፍ ውስጥ ገብቶ የተቆለፈ ይመስላል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ይወጣል። ልኩ ኳሱ አናት ላይም የተጎታቹ አፍ ላይም ተቀርጿል፣ እኩል መሆን አለበት። ከቆለፉ በኋላ አንገቱን በራሱ ክሪክ ትንሽ ያንሱት፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ በትክክል ይዟል። ሰንሰለቶቹን ከአንገቱ ሥር አጣምረው ይሰሩ፤ ቢላቀቅ አንገቱ አስፋልት ላይ አይወድቅም።

ምልክት፦ የተጎታቹ ጎማ መሃል ያቃጥላል

ኩሽኔታው ግራሶ ጨርሷል ወይም ፍሬኑ አለቀቀም። ሳይጠገን አይቀጥሉ። ጎማ ተነቅሎ ከተገጠመ ደግሞ ከ50 ማይል በኋላ ቆመው ቡሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ።